የአውሮፕላን አብራሪ ጡረታ፤ ዕድሜ ይቈጠር ወይስ ችሎታ ይመዘን?

(በሬዲዮ የተነገረ)



ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት ጉዳይ ከወላይታ ሶዶ መናኸሪያ ተነሥቶ እስከ ሰማይ የሚደርስ ነው። ነገሩን ያነሡልኝ አጎቴ ናቸው። አጎቴ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ተወልደው ያደጉ፥ ከሠላሳ ዓመት በላይም የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ወደ ማታ ከሻሸመኔ ወደ ሶዶ ሲመለሱ፥ በመንገዱ ዳር ከብት የሚነዳ ልጅ በጊዜው ሳይታያቸው ቀረና ፍሬን የያዙት በጭንቅ ነበር። ልጁም ከብቶቹም ተረፉ። አጎቴ ግን በማግሥቱ ቍልፉን ወስደው ለመኪናው ባለቤት አስረከቡ። ዕድሜያቸው ያን ጊዜ 63 ዓመት ነበር፤ ያቍሙ ብሎ ያዘዛቸው ሰውም አልነበረም።

በቅርቡ ልጠይቃቸው ብሄድ ስለ አብራሪዎች ዕድሜ የሚደረገውን ክርክር ሰምተው ኖሮ፥ «ልጄ፥ እኔ ቍልፉን በገዛ እጄ መለስሁ። የአውሮፕላኑን ነጂ ግን ዓይኑ ቢያይም ባያይም ቀኑ ሲደርስ ሕጉ ውረድ ይለዋል አሉ። ይህ ፍርድ ነውን?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም፥ «ጋሼ፥ ጥያቄዎ የሚከብድ ነው፤ ጥቂት መርምሬ እመልስልዎታለሁ» አልኋቸው። እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ ያንን ቃሌን መፈጸሚያ ነው።

በመጀመሪያ ሕጉ ምን እንደሚል እንመልከት። አገራችን ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉን የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት በ1937 ዓ.ም. በቺካጎ ከተማ ከፈረሙት መንግሥታት አንዷ ናት። በዚህ ስምምነት የተቋቋመው ድርጅት፥ ከአገር ወደ አገር መንገደኛ የሚያመላልስ የአውሮፕላን አዛዥ ከ60 ዓመት እንዳያልፍ ሲል ለብዙ ዘመን ወስኖ ኖረ። በ1999 ዓ.ም. ግን ወሰኑን ወደ 65 ከፍ አደረገው። ይህንንም ሲፈቅድ ከሁለቱ አብራሪዎች አንዱ ከ60 በታች እንዲሆን አስገድዶ ነበር፤ ይህ ግዴታ ደግሞ በ2007 ዓ.ም. ተነሣ። ብቻውን ለሚያበር ሰው ግን ወሰኑ ዛሬም 60 ዓመት ነው።

በአሜሪካም እንዲሁ በ1952 ዓ.ም. የ60 ዓመት ወሰን ተደነገገ፤ በ2000 ዓ.ም. ወደ 65 ተሻሻለ። በ2015 ዓ.ም. የሕግ መምሪያው ምክር ቤት ወደ 67 ከፍ እንዲል ቢስማማም፥ በተከታዩ ዓመት የጸደቀው ሕግ 65ን ሳይነካ ተወው። የዓለም የአየር መንገዶች ማኅበርም ወሰኑ 67 እንዲሆን በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ በሞንትሪያል ለተሰበሰበው ጉባኤ አሳብ አቅርቦ ነበር፤ ነገር ግን አሳቡ ተቀባይነት አላገኘም። በገዛ ሰማያቸው ውስጥ ሌላ ሥርዓት የሚከተሉ መንግሥታትም አሉ፤ ጃፓን እስከ 67 ዓመት ትፈቅዳለች፤ አውስትራሊያ ደግሞ በዕድሜ ብቻ የምትከለክለው ሰው የለም።

ወሰኑ ይነሣ ወይም ከፍ ይበል የሚሉት ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። አንደኛ፥ የ60 ዓመቱ ሕግ በአሜሪካ ሲወጣ በቂ የሕክምና ጥናት አልነበረውም፤ የጄት አውሮፕላን በገባበት ዘመን ሽማግሌ አብራሪዎችን ለማሰናበት የፈለጉ ባለ ኩባንያዎች ጉዳይ ነበረበት ብለው ይተቻሉ። ሁለተኛ፥ የዛሬ ሰው ከቀድሞው ይልቅ ጤናው ተጠብቆ ረዥም ዕድሜ ይኖራል ይላሉ። ሦስተኛ፥ ልምድ በገንዘብ አይገዛም ይላሉ። ለዚህም ምስክር አድርገው ካፒቴን ሰለንበርገርን ይጠራሉ። በጥር 2001 ዓ.ም. ከኒውዮርክ የተነሣው አውሮፕላናቸው ከወፎች ጋር ተጋጭቶ ሁለቱም ሞተሮቹ ኃይላቸውን ባጡ ጊዜ፥ ይህ የ57 ዓመት ሰው በሐድሰን ወንዝ ላይ አሳርፎ 155ቱንም ሰዎች አትርፏል።

እኛም የራሳችን ምስክር አለን። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ሦስት ጠላፊዎች የኢትዮጵያ አየር መንገድን አውሮፕላን ይዘው ወደ አውስትራሊያ ውሰደን ሲሉ ካፒቴን ልዑል አባተን አስገደዱ። ነዳጁ አልቆ ሞተሮቹ ቢጠፉ፥ ካፒቴኑ በኮሞሮስ ደሴቶች ዳርቻ በባሕር ላይ አሳረፉት። ከነበሩት 175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ 50ዎቹ ተረፉ። ካፒቴን ልዑል ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተጠልፈው ያመለጡ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸው ግን ገና 42 ዓመት እንደ ነበረ ልብ እንበል። ስለዚህ ልምድና ሽምግልና ሁልጊዜ አንድ ነገር አይደሉም።

አሁን ደግሞ ወሰኑ ይጠበቅ የሚሉትን እንስማ። ሰው በገፋ ቍጥር የልብና የአንጎል ደም ሥር ድንገተኛ ሕመም ይበረታበታል፤ የዓይን ብርሃንና የአሳብ ፍጥነት ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲበርሩ ማደርም በሽማግሌ ላይ ይከብዳል። እርግጥ ሐኪም ይመረምራል፤ አብራሪው 60 ዓመት ካለፈ በኋላ ምርመራው በየስድስት ወሩ ነው። ነገር ግን የዛሬ ምርመራ የነገን ሕመም ሁሉ አስቀድሞ አያሳይም። ደግሞም ወሰኑን አንድ አገር ብቻ ከፍ ብታደርገው፥ 66 ዓመት የሆነው ካፒቴን ከአገሩ ወሰን ማለፍ ስለማይችል በረዥሙ መንገድ ያካበተው ልምድ ለረዥሙ መንገድ አይጠቅምም። የአሜሪካ አብራሪዎች ማኅበር ራሱ ወሰኑ ወደ 67 እንዳይወጣ መቃወሙም የሚያስተውሉት ነገር ነው።

አድማጮቼ፥ በወላይታ እንሰት የሚተክሉ እናቶች ይህን ክርክር ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን ብዬ አሰብሁ። እንሰት በደጋው ቀስ ብሎ፥ ዝቅ ባለው አገር ፈጥኖ ይደርሳል። አብረው የተተከሉ ሁለት እንሰቶች እኩል ዓመት ቈጥረው እኩል ላይደርሱ ይችላሉ። ስለዚህ እናት ግንዱንና ቅጠሉን አይታ ትፈርዳለች እንጂ ዓመቱን ብቻ ቈጥራ አትፈርድም። ካበበና ካፈራ በኋላ እንሰቱ እንደሚሞት ግን ታውቃለችና፥ ያ ቀን እስኪያልፍባት አትጠብቅም። «ሰውም እንዲሁ አንድ በአንድ ይመዘን» የሚሉት ወገኖች ከዚህ ምሳሌ የመጀመሪያውን እኩሌታ ይወስዳሉ፤ ሁለተኛውን ግን ይረሱታል። እናት በአንድ እንሰት ብትሳሳት የምታጣው የቤቷን ቀለብ ነው። በአብራሪ ላይ የሚደረግ ስሕተት ግን ከመቶ የሚበልጥ ነፍስ ያለበት ነው፤ የሰውንም ውስጥ ሐኪም የእንሰትን ግንድ ያህል አጥርቶ ገና አያነብብም።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው። ወሰኑ ለዘላለም የተቀረጸ አይደለም፤ ከ60 ወደ 65 ከፍ እንዳለ ሁሉ፥ የሕክምና ማስረጃ ከተገኘ ነገም ሊሻሻል ይችላል። ነገር ግን የአብራሪ ቍጥር ስላነሰ ብቻ ሊገፋ አይገባውም። የሰው ማነስ የሚታከመው ወጣቶችን በማስተማር ነው።

በዚህ ረገድ አገራችን የምታፍርበት ታሪክ የላትም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን መደበኛ ጕዞ ወደ ካይሮ ሲያደርግ አብራሪዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ኋላ ግን የአገር ልጆች ሠልጥነው፥ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አዛዥ ሆኑ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት አዛዥ ለመሆን በቁ። ዛሬ የአየር መንገዱ ትምህርት ቤት ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሚመጡትንም ያሠለጥናል። ሽማግሌው ካፒቴን በ65 ዓመቱ መንገደኛ ከማመላለስ ሲያርፍ፥ ያካበተው ዕውቀት አብሮት ቤቱ ገብቶ እንዲቀመጥ ማድረግ ብክነት ነው። በክፍል ውስጥና በምስለ በረራው ክፍል ከወጣቱ አጠገብ ቢቀመጥ፥ ሕጉ የወሰደበትን ወንበር ሌላ ወንበር ይተካለታል። ይህ ካልሆነ ግን ሕጉ ደኅንነትን ቢጠብቅም የሰውን ክብር ያጐድላል፤ አጎቴም «ይህ ፍርድ ነውን?» ማለታቸው እውነት ይሆናል።

ለእርሳቸው የምመልሰውም ይህ ነው። ጋሼ፥ እርስዎ ቍልፉን የመለሱት ያ ልጅ ስለታየዎት ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፥ ማስጠንቀቂያው ያለ ደም መጣልዎ። በሰማይ ላይ ያለ ሰው ግን እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ እስኪመጣ ቢጠብቅ፥ ሁለተኛ ዕድል ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ ሕጉ ቀኑን አስቀድሞ ይቈርጥለታል። ሕጉ ጨካኝ ይመስላል፤ ነገር ግን ከኋላ ለተቀመጡት መንገደኞች የቆመ ነው። ከእነርሱም መካከል በአርባ ምንጭ ወይም በሐዋሳ ተሳፍሮ የሚመጣ የሶዶ ልጅ ይኖርበታል።

አጎቴ ዛሬ በመሪው ላይ አይቀመጡም። የመኪናው ባለቤት ልጅ ግን በየገበያው ቀን ከጎኑ ያስቀምጣቸዋል፤ የቱ ቍልቍለት ላይ ማርሽ እንደሚቀንስ፥ የቱ ድልድይ ላይ እንደሚታገሥ ይነግሩታል። አገሩ ሁሉ ሽማግሌውን በዚህ ዓይነት ቢጠቀምበት፥ የጡረታ ቀን የሚፈራ ቀን አይሆንም ነበር።