ስለ ቲታኒየምና ስለ ቀጥቃጭ ሙያ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



የመረጥኩት ርእስ ቲታኒየም ስለሚባለው ብረት ነው። ምናልባት አንዳንዶቻችሁ «ይህ ከጎጃም ጋር ምን አገናኘው?» ትሉ ይሆናል። እኔ ግን የቀጥቃጭ ልጅ ነኝና ነገሩን የማየው ከአባቴ ወናፍ አጠገብ ሆኜ ነው።

በመጀመሪያ ቲታኒየም ከእኛ የራቀ አይደለም። በምድር ቅርፊት ውስጥ ካሉት ንጥረ ነገሮች በብዛቱ ዘጠነኛው ነው። ለቤት መሠረትና ለካብ የምንፈልጠው፣ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን ደጋ ያለበሰው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ይባላል፤ አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰ ነው። የሥነ ምድር ሊቃውንት ይህን ድንጋይ «ቲታኒየሙ ያነሰ» እና «ቲታኒየሙ የበዛ» እያሉ በየወገኑ ለይተውታል። ከመቶ ከአንድ እስከ አምስት እጅ ገደማ የሚደርስ የቲታኒየም ኦክሳይድ በውስጡ አለ። በወለጋም ቢቂላል በተባለው ስፍራ ብረትና ቲታኒየም የተጣመሩበት ኢልሜናይት የሚባል ማዕድን መኖሩ ታውቋል።

እንግዲህ ድንጋዩ ይህን ያህል ከበዛ፣ ብረቱ ስለ ምን ውድ ሆነ?

ቀድሞ አባቶቻችን ብረትን ከድንጋይ ሲያወጡ፣ ማዕድኑን ከከሰል ጋር በምድጃ ደርድረው በወናፍ ያናፉት ነበር። ብረት በድንጋይ ውስጥ ከኦክሲጅን ጋር ተሳስሮ ይኖራል፤ ከሰሉ ሲነድ ያን ኦክሲጅን ነጥቆ ይሄዳል፤ ብረቱም ብቻውን ይቀራል። ቲታኒየም ግን ለከሰል እሺ አይልም። ከኦክሲጅኑ ቢለቀቅ እንኳ ከሰሉን ራሱን ይይዝና እንደ ሸክላ የሚሰበር ነገር ይሆናል። በጋለም ጊዜ ከአየር ኦክሲጅንና ናይትሮጅን እየጠጣ ይበላሻል።

ስለዚህ ዊልያም ግሬጎር የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1791 የቲታኒየምን ማዕድን ካገኘ በኋላ፣ ማቲው ሀንተር በአሜሪካ ንጹሑን ብረት እስኪያወጣ ድረስ 119 ዓመት አለፈ። በብዛት ለማምረት የሚያስችለውን ዘዴ ያገኘው ደግሞ የሉክሰምበርጉ ተወላጅ ዊልያም ክሮል ነው።

የክሮል ዘዴ እንዲህ ነው። ማዕድኑ ከከሰል ጋር ሆኖ ክሎሪን በሚባለው ጋዝ ውስጥ ይግላል፤ ቲታኒየሙም ከክሎሪኑ ጋር ተዋሕዶ እንፋሎት ይሆናል፤ ሲበርድም ፈሳሽ ይሆናል። ይህ ፈሳሽ አረቄ እንደሚወጣ ሁሉ በእንፋሎት እየተነጠረ ከእድፉ ይጠራል። ከዚያም አየር በማይገባበትና አርጎን የሚባል ጋዝ በተሞላ ዝግ ጋን ውስጥ ከቀለጠ ማግኒዥየም ጋር ይገናኛል። ማግኒዥየሙ ክሎሪኑን ሲወስድ ቲታኒየሙ እንደ ሰፍነግ ተቦርቡሮ ይቀራል። እርሱም ተሰባብሮና ተጠቅጥቆ፣ አየሩ በተመጠጠ ምድጃ ውስጥ በኤሌክትሪክ ኃይል ይቀልጣል፤ መቅለጫው 1668 ዲግሪ ነው። ውድነቱም ከዚህ ሁሉ ድካም የመጣ ነው።

ንጹሑ ቲታኒየም ለብርቱ ሥራ ብቻውን አይበቃም። ከሁሉ ይልቅ የተለመደው ቅይጥ ከመቶ 6 እጅ አሉሚኒየምና 4 እጅ ቫናዲየም አለው። ንጹሕ ቲታኒየም ከ882 ዲግሪ በታች አንድ የአቶም አሰላለፍ፣ ከዚያ በላይ ሌላ አሰላለፍ አለው። አሉሚኒየም የፊተኛውን፣ ቫናዲየም የኋለኛውን ያጸናል። ሁለቱ በአንድነት ሲገኙ ሠራተኛው ቅይጡን በማጋልና በማቀዝቀዝ ጥንካሬውን እንደሚፈልገው ያበጃል። አባቴም የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ቀጥቅጦ የሠራውን መሣሪያ አግሎ ውሃ ውስጥ ሲነክር የሚያደርገው የዚህ ሥራ ዘመድ ነው። የሙቀት መለኪያ የለውም፤ የፍሙን ቀለም አይቶ ጊዜውን ይለያል።

ስለ ጥቅሙም ጥቂት ልበል። ሙሉ አንድ ሊትር የሚያህል ብረት 7.8 ኪሎ ሲመዝን፣ ያንኑ ያህል ቲታኒየም 4.5 ኪሎ ብቻ ይመዝናል፤ ዝገትም አይደፍረውም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ ወር 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ የተረከበው ቦይንግ 787 አይሮፕላን ከክብደቱ ከመቶ 15 እጅ ያህሉ ቲታኒየም ነው። የስዊድኑ ሐኪም ብሮኔማርክም አጥንት ከቲታኒየም ጋር አጥብቆ እንደሚያያዝ አስተውሎ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1965 በሰው መንጋጋ ውስጥ የቲታኒየም የጥርስ ሥር ተከለ። በዓለም ከሚቆፈረው የቲታኒየም ማዕድን አብዛኛው ግን ብረት አይሆንም፤ ነጭ ቀለም ሆኖ የቤት ግድግዳ ያነጣል።

ክቡራንና ክቡራት፤

አይሮፕላኑ በላያችን ሲያልፍ ቀና ብለን እናደንቃለን። ብረትን በእሳት የሚያበጀውን የሰፈራችንን ሰው ግን በማይገባ ስም እንጠራዋለን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውንና ሸማኔውን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ይህ ሁሉ ዘመን አልፎም ስድቡ ጨርሶ አልጠፋም፤ እኔም በልጅነቴ ውሃ ስቀዳ ከምንጭ ዳር ሰምቼዋለሁ። ያን ቀን ማልቀሴን እንጂ የምመልሰውን አላውቅም ነበር። ዛሬ መልሴ ይህ ንግግር ነው። ድንጋዩ በደጃችን ሞልቷል፤ የጎደለን እሳቱን የሚያውቅ ሰው ነው። እሳቱን የሚያውቀውን ሰው ንቀን ያን እውቀት ከወዴት እናገኘዋለን?

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናለሁ። መምህራኖቻችን ስለ ብረት በሚያስተምሩበት ሳምንት፣ የኬሚስትሪ ክፍላችን አንድ ቀን በቀጥቃጭ ቤት ይዋል። አባቴ ወናፉን ይዞ ይጠብቀናል። ወላጆችም ልጃችሁ መዶሻ ቢያነሣ አትፈሩ።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክልን።