«ውጤቱ የታወቀ ነው» እያልን ቤት ስንቀር

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው ስለ ዕቁብ ወይም ስለ ሐዘን መዋጮ አይደለም። ስለምንኖርበት የምርጫ ክልል ነው። ብዙዎቻችን ወደ አልበርታ፣ ወደ ብሩክስ ከተማ የመጣነው ለሥጋ ፋብሪካው ሥራ ነው። እዚህ ልጆች አሳድገናል፣ ቤት ገዝተናል፣ ዜግነትም ወስደናል። ባለፈው የክፍለ ሀገር ምርጫ ግን ከመካከላችን ድምፅ የሰጠነው ጥቂቶች ነን። ለምን ብለን ስንጠያየቅ አንድ መልስ ደጋግሞ መጣ፦ «ውጤቱ የታወቀ ነው፤ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ለምን እንቅልፌን አጣለሁ?»

እውነት ነው ወይ? እስቲ የክልላችንን ታሪክ እንየው። የዚህን አገር ዓመቶች የምንጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

አካባቢያችን የእርሻና የከብት እርባታ አገር ነው፤ ድምፁንም ለወግ አጥባቂዎች መስጠት ልማዱ ነው። አልበርታን ከ1971 እስከ 2015 የገዛው አንድ ወግ አጥባቂ ፓርቲ ነበር። ብሩክስ ያኔ ስትራትሞር-ብሩክስ በሚባል ክልል ውስጥ በነበረችበት ጊዜ፣ በ2012 ክልሉ ገዥውን ፓርቲ ትቶ ዋይልድሮዝ የተባለውን ሌላ ወግ አጥባቂ ፓርቲ መረጠ። በ2014 መጨረሻ የዋይልድሮዝ መሪ ወይዘሮ ዳንዬል ስሚዝና ሌሎች የምክር ቤት አባላት፣ የእኛም ተመራጭ ጭምር፣ ወደ ገዥው ፓርቲ ተሻገሩ። በ2015 ግን ሕዝቡ አልተከተላቸውም፤ እንደገና የዋይልድሮዝን እጩ መረጠ። ስለዚህ ክልላችን ወግ አጥባቂ ነው እንጂ የተኛ አይደለም።

በ2019 ምርጫ ክልሉ ተለውጦ ብሩክስ-ሜዲሲን ሃት ተባለ። በ2022 ወይዘሮ ስሚዝ የተባበረው ወግ አጥባቂ ፓርቲ መሪና የክፍለ ሀገሩ ፕሪሚየር ሲሆኑ በምክር ቤቱ ወንበር አልነበራቸውም። የእኛ ተመራጭ ወንበራቸውን ለቀቁ፤ ኅዳር ላይም ማሟያ ምርጫ ተደረገ። ወይዘሮ ስሚዝ ከግማሽ ጥቂት በበለጠ ድምፅ አሸነፉ። የኤንዲፒ እጩ ሁለተኛ፣ የቀድሞው ከንቲባችን ባሪ ሞሪሺታ ሦስተኛ ሆኑ። በ2023 ጠቅላላ ምርጫ ደግሞ ፕሪሚየሯ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ድምፅ አገኙ።

እንግዲህ «የታወቀ ነው» ያለችው እህታችን ጨርሳ አልተሳሳተችም። የእኛ ድምፅ አሸናፊውን ላይለውጥ ይችላል። ነገር ግን ድምፅ የሚሠራው ሥራ አሸናፊ መለየት ብቻ አይደለም። ይህን ለማየት ከእኛ በስተ ምዕራብ ወዳለች ሌላ የገጠር ክልል እንሂድ።

በአልበርታ ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙት በ1916 ነው። በማግስቱ ዓመት፣ በ1917፣ ባል ያለ ሚስቱ ፈቃድ የቤተሰቡን መኖሪያ እንዳይሸጥ የሚከለክል ሕግ ወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው ምርጫ ክላርስሆልም የምትባለው የገበሬዎች ክልል ሉዊዝ ማኪኒን መረጠች። በባሕር ማዶ በነበሩ ወታደሮችና ነርሶች ድምፅ ከተመረጡት ከሮበርታ ማክአዳምስ ጋር፣ በመላው የብሪታንያ ግዛት ለሕግ አውጪ ምክር ቤት የተመረጡ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ሆኑ። የእንግሊዝ ሴቶች ያን ጊዜ ለፓርላማ ገና አይመርጡም ነበር። ማኪኒ በ1921 ተሸነፉ፤ ያ የቤት ሕግ ግን ዛሬም አለ። ቤቱ በባሏ ስም ብቻ የሆነ እህታችን፣ ባል ሊሸጥ ሲነሣ የእሷ ፊርማ የሚጠየቀው በዚህ ሕግ ነው። ሴቶች መምረጥ ሲጀምሩ፣ ሕግ አውጪው ስለ ሴቶች ማሰብ ግድ ሆነበት።

መብቱ ግን ለሁሉም እኩል አልመጣም። ወደ ካልጋሪ ስንሄድ በመንገዳችን የምናገኛቸው የሲክሲካ ሰዎችና ሌሎቹ በመንግሥት ውል ሥር የነበሩ ነባር ሕዝቦች በአልበርታ መምረጥ የቻሉት በ1965 ነው። እኛ የመሐላውን ቀን እንደጨረስን የያዝነውን መብት እነሱ በገዛ አገራቸው ብዙ ጠብቀውታል።

ፍርሃታችንንም እንናገር። ብዙዎቻችን በ1997 ዓ.ም. በአገራችን ረጅም ሰልፍ ቆመን መርጠናል፤ ከዚያ በኋላ የመጣውንም አይተናል። ምርጫ ሲባል ልባችን የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው። «ዝም አይነቅዝም» ማለትን ለምደናል። ነገር ግን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለውም የእኛው ተረት ነው። የልጆቻችን ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታሉ፣ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ፣ ከአገራችን ይዘን የመጣነው የሙያ ማስረጃ ጉዳይ ባብዛኛው የሚወሰነው በክፍለ ሀገሩ ነው። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ፕሪሚየሯ የራሳችን ተመራጭ ናቸው። ደብዳቤ ስንጽፍላቸው መራጮች ሆነን መጻፍ እንችላለን።

ማኅበራችን የማንም ፓርቲ ደጋፊ አይደለም፤ ማን ይመረጥ የሚለው የእያንዳንዳችሁ ጉዳይ ነው። የምንጠይቃችሁ እንድትሄዱ ብቻ ነው። ዜጋ የሆነችና 18 ዓመት የሞላት መምረጥ ትችላለች። ስምና አድራሻ ያለበት መታወቂያ ይዛችሁ ሂዱ። ፈረቃችሁ ጊዜ ካልሰጣችሁ፣ ምርጫ ጣቢያ ክፍት በሆነበት ሰዓት ደመወዝ ሳይቆረጥባችሁ ሦስት ተከታታይ ሰዓት እንድታገኙ ሕጉ ያዛል። ይህን ለአለቃችሁ ለመንገር አትፈሩ።

ለሚቀጥለው ምርጫ መኪና ያላት የሌላትን ትወስዳለች፤ ከፈረቃ ያረፈች የጎረቤቷን ልጆች ትጠብቃለች፤ እንግሊዝኛ የቀለላት ላልቀለላት ቅጹን ቀድማ ታነብላታለች። ዜግነት ያልወሰዳችሁት ደግሞ ለፈተናው አብረን እናጠናለን። ደጋፊዎቻችን የምትሰጡን ገንዘብ ለቤንዚኑና ለልጆቹ ምሳ ይውላል።

ለሐዘንና ለደስታ ተጠራርተን የምንወጣ ሴቶች ነን። ለዚህም ተጠራርተን እንውጣ።