ቃጠሎ ያጠፈውን ጉልበት ስለ ማቃናት



በኢትዮጵያ ገጠር በቤት መካከል የሚነደው ምድጃ የቤተ ሰብ መሰብሰቢያ የመሆኑን ያህል፣ ለሚድኸው ሕፃንና የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አደጋ ነው። ከወራት በኋላ ወደ ሐኪም ቤት የሚደርሰው ግን ብዙውን ጊዜ ቁስሉ ሳይሆን ጠባሳው ነው። አገጩ ከደረቱ፣ ጣቱ ከመዳፉ፣ ክንዱ ከጎኑ ጋር የተያያዘ ሰው ይመጣል።

ለምሳሌ ያህል ቋንጃው የተቃጠለ የስድስት ዓመት ልጅ ይታሰብ። ቁስሉ ስለሚያመው እግሩን አጥፎ ይተኛል፤ እናቱም ሕመሙ እንዲቀልለት ከጉልበቱ ሥር ትራስ ታደርግለታለች። ከርኅራኄ የመጣ ስሕተት ነው፤ የሚመቸው አኳኋን ጉልበቱን የሚያስረው አኳኋን ነውና። ጥልቅ ቃጠሎ ከሦስት ሳምንት በላይ ሳይድን ሲቆይ ቁስሉ ዙሪያውን እየሳበ ይዘጋል፤ በቦታው የሚተካው ጠባሳም እንደ ቆዳ አይለጠጥም።

የቀዶ ሐኪሙ ሥራ ለመናገር ቀላል ነው። ጠባሳውን ቆርጦ ሲለቅቀው በቋንጃው ላይ ሰፊ ባዶ ቦታ ይከፈታል፤ የጎደለው ቆዳ ምን ያህል እንደ ነበረ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ለዓመታት ታጥፎ የኖረ ጉልበት ግን በአንድ ቀን በኃይል አይቃናም፤ ነርቡና የደም ሥሩም አብረው አጥረዋልና። ባዶው ቦታ ከጭን በተላጠ ስስ ቆዳ ይሸፈናል። ዣክ ሉዊ ሬቨርዲን እ.ኤ.አ. በ1869 በፓሪስ ጥቃቅን የቆዳ ቁራጮችን ተክሎ ካሳየ ወዲህ ዘዴው እጅግ ተሻሽሏል፤ የተተካው ቆዳ ጠባይ ግን ያው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ገደማ ከሥሩ ከሚያገኘው ፈሳሽ ብቻ ይመገባል፤ ከዚያ በኋላ የደም ሥሮች ይገናኙታል። ደም ከሥሩ ከተቋጠረ፣ ከተንሸራተተ ወይም ካመረቀዘ ይሞታል። ስለዚህ እግሩ በጀሶ ተደግፎ ፋሻው እስከ አምስተኛው ቀን ገደማ ሳይፈታ ይቆያል። የተላጠው ጭን በሁለት ሳምንት አካባቢ በራሱ ይድናል፤ ልጁ አብዝቶ የሚያለቅሰው ግን ስለ ጭኑ እንጂ ስለ ጉልበቱ አለመሆኑን የክፍሉ ነርስ ታውቃለች።

ቆዳው ሲይዝ ሁሉም ደስ ይለዋል፤ ልጁም ይሸኛል። ይሁንና ስስ ሆኖ የተተካ ቆዳ ከያዘም በኋላ ለወራት መኮማተሩን አይተውም። በሙሉ ውፍረቱ የሚወሰደው ቆዳ የሚኮማተረው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ብዙ ስለማይገኝ ለጣትና ለዐይን ሽፋን ይቆጠባል። ለጉልበቱ የሚቀረው ዋስትና ሌሊት ሌሊት የሚታሰር ደጋፊ፣ ቀን ቀንም እግሩን መዘርጋት፣ ቆዳው ሲጠነክር ደግሞ በቫዝሊን ማሸት ነው፤ ይኸውም ቢያንስ ለስድስት ወር። ደጋፊውን በየሌሊቱ የምታስረው እናቱ ናት። እርስዋም ይህን ሁሉ ብዙ ጊዜ የምትሰማው በመሸኛው ጧት፣ አውቶቡስ እንዳያመልጣት ስትጣደፍ ነው።

ትምህርቱ ከቀዶ ሕክምናው በፊት መጀመር ይኖርበታል። እናቲቱ ደጋፊውን በገዛ እጅዋ አስራ እስክታሳይ ድረስ ልጁ ባይሸኝ ይሻላል። አልጋ ይያዛል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ ሆኖም ያው ልጅ ከዓመት በኋላ ጉልበቱ ታጥፎ ሲመለስ አልጋውን ዳግመኛ ይይዛል፤ ጭኑም እንደ ገና ይላጣል። ጠባሳው ከልጁ ጋር እኩል አያድግምና፣ ሁሉም በደንብ ቢፈጸም እንኳ ቁመቱ ሲጨምር ሌላ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው እንደሚችል ለቤተ ሰቡ አስቀድሞ ይነገር።