ሆድ ይፍጀው አንበል

(ምክንያቱ ስለማይታወቅ የሆድ ሕመም፤ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በእንዲህ ያለ የደስታ ቀን ስለ ሕመም ለመናገር መነሣታችን ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከመካከላችን አንዱ ባለፈው ዓመት በሕመም ምክንያት ትምህርቱን ሊተው ተቃርቦ ነበርና፣ ይህን ሳንናገር ብንሰናበት ከዚህ ቤት ያገኘነው ትምህርት ጎደሎ ይሆንብናል። ስለዚህ የመረጥነው ጕዳይ ተመርምሮ ምክንያቱ ስላልተገኘለት፣ ቶሎም ስለማይለቅ የሆድ ሕመም ነው።

በቋንቋችን ሆድ ምግብ የሚገባበት ብቻ አይደለም። ያዘነ ሰው ሆዱ ይብሰዋል፤ ታጋሹ ሆደ ሰፊ ይባላል፤ በትንሹ የሚያዝነው ሆደ ባሻ ነው፤ ምስጢር ጠባቂው የሆድን በሆድ ያደርጋል፤ ነገር የበዛበት ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ዝም ይላል። ይህ ልማድ ለምስጢር መልካም ይሆናል፤ ለሕመም ግን አይበጅም። አባቶቻችንም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለው አስጠንቅቀውናል።

የምንኖርበት አገር ዝናብ የማያጣው፣ ቡናውም በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅልበት አገር ነው። ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ፣ ከዚያም እስከ በበቃ ድረስ በቡና ለቀማ ጊዜ ከትንሽ እስከ ትልቅ ማሳ ውስጥ ይውላል። ቡናን የሚያበቅለው ይኸው እርጥብና ጥላማ አፈር ለሆድ ትሎችም የሚመች ነው። የወስፋት እንቍላል ባልታጠበ እጅና ምግብ ወደ አፍ ይገባል፤ መንጠቆ ትል የሚባለው ደግሞ ባዶ እግርን በስቶ ገብቶ ከአንጀት ላይ ደም ይመጣል። አሜባና ጃርዲያም በቈሸሸ ውኃና ምግብ ይመጣሉ። በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የትል መድኃኒት በየትምህርት ቤቱ መታደል የጀመረውም ስለዚህ ነው። እንግዲህ ሆዱን ያመመው ልጅ ሁሉ አስቀድሞ መመርመር አለበት፤ ከእነዚህ አንዱ ከተገኘበት መድኃኒቱ ቅርብ ነው።

ተመርምሮ ምንም ያልተገኘበትስ እንዴት ይሁን?

ጓደኛችን እንዲህ ያለ ነበር። ስሙን አንጠራም፤ ነገሩን እንድንናገር ግን እርሱ ራሱ ፈቅዶልናል። ሕመሙ የጀመረው አሥረኛ ክፍል ሳለን ነው። እምብርቱ አካባቢ ይቈርጠዋል፤ አንድ ሳምንት ተወት ያደርገውና ተመልሶ ይመጣል። እናቱ ፌጦ ሰጡት፤ ጤና አዳም አጠጡት። አባቱም ለመንገድና ለምርመራ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት ያስቀመጡትን ቡና ዋጋው ሳይወጣ ሸጡ። ሰገራውና ደሙ ተመረመረ፤ በአልትራሳውንድም ታየ። በመጨረሻ የተነገረው ቃል «ምንም የለብህም» የሚል ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁሉም የየራሱን ፍርድ ሰጠ። አንዱ ፈተና ሸሽቶ ነው አለ፤ ሌላው ቡዳ በልቶት ነው አለ፤ ሦስተኛው ሥራ ጠልቶ ነው አለ። ጓደኛችንም በእረፍት ሰዓት ለብቻው መቀመጥ ጀመረ። አንድ ቀን፣ «ሕመሙንስ እችለው ነበር፤ ያቃተኝ ማስረዳቱ ነው» አለን። ትምህርቱንም ለመተው ቈርጦ ነበር።

ክቡራን ሆይ፤ «ምንም የለብህም» እና «ምንም አላገኘንም» የተለያዩ ቃላት ናቸው። «አላገኘንም» የሚለው ምርመራው የደረሰበትን ወሰን በቅንነት ይናገራል። «የለብህም» የሚለው ግን የታማሚውን ቃል ሐሰት ያደርጋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል እንደ ሆነ ሁለት ታሪኮች ያሳዩናል።

አንደኛው ከራሳችን አገር ነው። በትግራይ፣ በሽሬ አካባቢ በሚገኘው በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ መንደር የማይታወቅ ሕመም ታየ። ሰዎች ሆዳቸውን ያማቸዋል፤ ሆዳቸው ይነፋል፤ ይከሳሉ፤ የሞቱም ነበሩ። ተላላፊ በሽታ እንደ ሆነ ተብሎ ተፈተሸ፤ ውኃውና እህሉም ተመረመረ። ከዓመታት ድካም በኋላ የአገር ውስጥና የውጭ አገር መርማሪዎች በእህሉ መካከል የአንድ አረም ዘር ተደባልቆ አገኙ። የአረሙ የሳይንስ ስም አጌራተም ኮኒዞይደስ ይባላል። በውስጡ ያለው መርዝ ከእህል ጋራ ተፈጭቶ ሲበላ ጉበትን ቀስ በቀስ ይጎዳል። ያ ጥቃቅን ሰማያዊ ወይም ነጭ አበባ ያለው አረም በእኛም አገር በቡና ማሳ ውስጥ የሚነቀል ነው። በእጅ ስለ ነቀሉት አይጎዳም፤ ከሚበላ እህል ጋራ እንዳይደባለቅ ግን ማበጠርና መልቀም ያስፈልጋል። የዚያ መንደር ሰዎች «ምንም የለባችሁም» ተብለው ቢተዉ ኖሮ፣ በየቀኑ ከሚበሉት ጋራ የገባው መርዝ ሳይታወቅ ይቀር ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ ከአውስትራልያ ነው። ከብዙ ዘመን ጀምሮ የጨጓራ ቁስል የሚመጣው ከጭንቀትና ከአሲድ ብዛት ነው ይባል ነበር። በፐርዝ ከተማ የሚሠሩት ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል ግን በጨጓራ ውስጥ የሚኖር አንድ ባክቴሪያ ተመለከቱ፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1982 ዓ.ም.ም በላቦራቶሪ አሳደጉት። ብዙ ሰው ስላላመናቸው፣ ማርሻል በ1984 ዓ.ም. ባክቴሪያው ያለበትን ፈሳሽ ራሱ ጠጣና ጨጓራው ተቈጥቶ ታመመ። ሁለቱም በ2005 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ ኤች ፓይሎሪ የሚለውን ስም በየክሊኒኩ እንሰማዋለን። ከዚያ በፊት ግን ስንቱ ታማሚ «አትጨነቅ፣ ይለቅሃል» እየተባለ ተመልሷል!

ከዚህ ሁሉ በኋላም ቁስል ወይም ትል ወይም መርዝ የማይገኝበት የሆድ ሕመም አለ። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ከ100 ሚሊዮን የሚበልጡ የነርቭ ሕዋሳት ሲኖሩ፣ ከአንጎል ጋራ ያለማቋረጥ መልእክት ይለዋወጣሉ። በአንዳንድ ሰው፣ አንዳንድ ጊዜም ከከባድ ተቅማጥ በኋላ፣ እነዚህ ነርቮች ከልክ በላይ ንቁ ይሆኑና ሌላው ሰው የማይሰማው የአንጀት እንቅስቃሴ ለእርሱ ቍርጠት ይሆንበታል። በማጉያ መነጽር የሚታይ ነገር የለም፤ ሕመሙ ግን እውነተኛ ነው። ፍርሃትና ሐዘን ያብሱታል፤ ያብሱታል ማለት ግን ፈጠራ ነው ማለት አይደለም። ሆድና ስሜት ዘመዳሞች መሆናቸውን እንግዲህ ቋንቋችን ከሳይንስ አስቀድሞ ተናግሮ ኖሯል።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኛ ከጓደኛችን ጋራ ያደረግነውን እንንገራችሁ።

በመጀመሪያ አንዲት ደብተር ገዛንለት። ያመመው በስንት ሰዓት እንደ ሆነ፣ ምን እንደ በላ፣ እንዴት እንዳደረ በየቀኑ ጻፈ። ከሁለት ወር በኋላ በባዶ ሆዱ በርበሬ የበዛበት ጨሞ ወይም ቡና የጠጣ ቀን እንደሚብስበት ታወቀ። ደብተሩንም ይዞ ወደ ሐኪም ሲመለስ «ያመኛል» ከማለት ይልቅ ብዙ የሚያስረዳ ነገር ነበረው። ሁለተኛ፣ ከጎረቤት የተገኘ ክኒን ሁሉ መዋጥ ተወ፤ እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ጨጓራን ራሱን የሚያቈስሉ ናቸውና። ሦስተኛ፣ በመጠኑና በሰዓቱ መብላት፣ ቍርጠቱ ሲመጣም ሆድን እየነፉ ቀስ ብሎ መተንፈስ ለመደ። አራተኛ፣ በቀረበት ቀን ሁሉ ከእኛ አንዱ ማስታወሻ እየገለበጠ ማታ ቤቱ ያደርስለት ነበር። ዛሬ ቍርጠቱ ፈጽሞ አልተወውም፤ ሆኖም የቀረባቸው ቀኖች እጅግ ጥቂት ሆኑ፤ ከእኛም ጋራ ለመጨረሻው ፈተና ይቀመጣል።

ነገር ግን ይህ ምክር ለሁሉ ጊዜ አይሆንም። ሕመሙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ በሰገራ ወይም በትውከት ደም ከታየ፣ ሰውነት ያለ ምክንያት ከከሳ፣ ትኵሳት ካልለቀቀ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ሆድ ካበጠ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። አንድ ጊዜ «አልተገኘም» የተባለም ሕመም መልኩን ከለወጠ እንደገና መታየት አለበት። ዛሬ በሚዛን አማን የዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል አለ፤ ሕመምን ችሎ መቀመጥ ጀግንነት አይደለም።

እንግዲህ ልመናችን ሦስት ነው። መምህራኖቻችን ሆይ፤ ሆዱን ያመመው ተማሪ ለመውጣት ሲጠይቅ በክፍሉ ፊት ምክንያቱን እንዲዘረዝር አታስገድዱት። ወላጆቻችን ሆይ፤ ልጃችሁ ተመርምሮ ምንም ካልተገኘበት ገንዘባችሁ በከንቱ የጠፋ አይምሰላችሁ፤ ከባዱ በሽታ አለመገኘቱ ራሱ ትርፍ ነው፤ ልጁም ዋሾ አልሆነም። እናንተ ከእኛ በታች ያላችሁ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ ለቀረ ጓደኛ ማስታወሻ የመገልበጥን ልማድ ለእናንተ እናስረክባለን። ብዙ ወጪ የለውም፤ አንድ እስክርቢቶና የግማሽ ሰዓት ትዕግሥት ይበቃዋል።

ምክንያቱን መፈለግ የሐኪሙ ሥራ ነው። የታመመውን ማመን ግን የሁላችንም ሥራ ነው፤ ለዚህም ላቦራቶሪ አያስፈልግም።

 ለትምህርት ቤታችን ረዥም ዕድሜ ይስጥልን።