ስለ ሕዝብ ጤና፤ መድኃኒት የማይችለውና መንግሥት የሚገባው ሥራ

(በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ለከተማው ነዋሪዎችና ለመሥሪያ ቤት ኀላፊዎች የተደረገ ንግግር)



በዛሬው ቀን በፊታችሁ ቆሜ እንድናገር ሲፈቀድልኝ የተሰጠኝ አርእስት «ጤናና መንግሥት» የሚል ነው። አርእስቱ ሰፊ፣ ጊዜውም ጠባብ ስለ ሆነ፣ ባለፈው ዓመት ለሥራ ትምህርት ተልኬ በሰነበትሁባት በናይሮቢ ከተማ ያየሁትንና የተማርሁትን መሠረት አድርጌ እናገራለሁ። የጎረቤት አገር ታሪክ በእኛ አቆጣጠር ሲነገር ብዙ ጊዜ ስለሚምታታ፣ ዓመቶቹን የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ይህን ነገር ለማንሣት ያስገደደኝን ምክንያት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከከተማው ሕዝብ በመዋጮ የተሰበሰበው ገንዘብ በጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ለአዲስ የመኝታ ክፍል ይዋል የሚሉ አሉ፤ ከገበያው በታች ያለው ምንጭ ይከለልበት፣ የቄራውም ፍሳሽ ከወንዙ ይራቅበት የሚሉ አሉ። ገንዘቡ ለሁለቱ አይበቃም። እኔ የምንጩ ወገን ነኝ፤ አስቀድሜ መናገሬ ሰሚው በኋላ እንዳይታለል ነው።

ልጅ ሳለሁ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር በግቢው ውስጥ አንዲት ትንሽ የሕክምና ክፍል ነበረች። ታናሽ እኅቴ በአንድ ክረምት ሦስት ጊዜ በተቅማጥ ታማ ወደዚያች ክፍል ተወስዳለች። ድሬሰሩ ትጉህ ሰው ነበር፤ በሁለቱ ጊዜ አድኖ ሰዶልናል። እናታችንም በደስታ አቅፋ ወደ ቤት እየመለሰቻት፣ በመንገድ ላይ ከዚያው ከብትና ሰው በአንድነት ከሚጠጣበት ወንዝ ውሃ ታጠጣት ነበር። በሦስተኛው ጊዜ አልተመለሰችም። ድሬሰሩን የወቀሰ ሰው አልነበረም፤ የሚወቀስም አልነበረም። ወንዙን ግን ማንም አላሰበውም፤ እኔም ያሰብሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ወደ ናይሮቢ ልመለስ። የከተማይቱ ስም በማሳይ ቋንቋ ቀዝቃዛ ውሃ ማለት ነው። በ1899 ከሞምባሳ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እዚያ ሲደርስ፣ የባቡሩ ሰዎች በረግረጉ ላይ ሰፈሩ፤ ከሰፈሩም አጠገብ የሕንዶች ገበያ ተቆረቆረ። የፍሳሽ መውረጃ አልነበረውም። በ1902 የአይጥ ቁንጫ የሚያስተላልፈው ቸነፈር በገበያው ገባ። በዚያን ጊዜ ለቸነፈር ፈዋሽ መድኃኒት ስላልነበረ፣ የሐኪሙ ትእዛዝ ገበያውን በእሳት ማቃጠል ሆነ፤ ተቃጠለም። ነገር ግን ረግረጉና ቆሻሻው ባሉበት ስለ ቀሩ ቸነፈሩ በኋላ ተመልሷል።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ በ1913 መጣ። ከእንግሊዝ አገር የተላኩት ፕሮፌሰር ሲምፕሰን ከተማዎቹን መርምረው፣ ለጤና ሲባል ነጩ፣ ሕንዱና አፍሪካዊው በየተለየ ሰፈር እንዲቀመጡ ምክር አቀረቡ። አይጥ ግን የሰፈር ወሰን አያውቅም። በ1923 የእንግሊዝ መንግሥት ሕንዶችንና አውሮፓውያንን በሕግ በየሰፈሩ መለየትን ቢተወውም፣ ልማዱ በከተማይቱ አቀማመጥ ላይ ታትሞ ቀርቷል። ይህን የማነሣው መንግሥት በጤና ስም የሚያደርገው ሁሉ ለጤና ነው ብላችሁ እንዳታምኑኝ ነው። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ለመሥሪያ ቤቴ ብዬ ይህን አልሰውርም።

ኬንያ በታኅሣሥ 1963 ነጻ ስትወጣ መሪዎቿ ድህነትን፣ ድንቁርናንና በሽታን ሦስቱ የሕዝብ ጠላቶች ብለው ጠሩ። በ1965ም በመንግሥት የጤና ድርጅቶች ተመላላሽ በሽተኛ ሳይከፍል እንዲታከም ተደረገ። በ1901 በ40 አልጋ የተጀመረው የናይሮቢ ሆስፒታል የኬንያታን ስም ይዞ ሰፋ፤ ዛሬ በምሥራቅ አፍሪካ ከታወቁት ታላላቆቹ አንዱ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ ግን የመንግሥት ገንዘብ እያነሰ፣ አበዳሪዎችም እየገፋፉ ሄዱና በ1989 መጨረሻ በሽተኛው ክፍያ እንዲካፈል ተደነገገ።

በዚህ ጊዜ የሆነውን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ተቆጥሮ የተጻፈ ነገር ነው። በናይሮቢ የአባላዘር በሽታ የሚታከምበት አንድ የመንግሥት ክሊኒክ ነበረ። ክፍያው ሲታወጅ ወደዚያ የሚመጡት ወንዶች ቁጥር ቀድሞ ከነበረው ወደ 40 በመቶ፣ የሴቶቹ ወደ 65 በመቶ ወረደ። መድኃኒቱ በመደርደሪያው ላይ ነበረ፤ ሐኪሙም በወንበሩ ላይ ነበረ። በሽታውስ ቀነሰን? አልቀነሰም፤ ከቤት ወደ ቤት ሄደ እንጂ። በ1990 ክፍያው ለጊዜው ሲነሣ ሴቶቹ ከቀድሞው ቁጥር እንኳ አልፈው መጡ፤ ወደ 122 በመቶ። የወንዶቹ ግን ከ64 በመቶ አላለፈም። የተዘጋ በር ሲከፈት የሄደው ሁሉ አይመለስም ማለት ነው። የመድኃኒቱን ኀይል አንዲት የመንግሥት ደብዳቤ አሳነሰችው፤ ሌላ ደብዳቤ ደግሞ ከፊሉን መለሰችው።

እንግዲህ «ክፍያ ይነሣ፣ ሆስፒታል ይብዛ፣ ነገሩ አለቀ» የሚል ይኖር ይሆናል። እኔም ናይሮቢን ሳላይ እንደዚያው አስብ ነበር። በ2000 በናይሮቢ የድሆች ሰፈሮች የተደረገ ቆጠራ እንደሚያሳየው፣ በነዚያ ሰፈሮች ከሚወለዱት 1,000 ሕፃናት ውስጥ 151 ያህሉ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በመላው ናይሮቢ ቁጥሩ 62 ያህል፣ ሐኪም ከሩቅ በሚገኝበት በኬንያ ገጠር 113 ነበር። ኪቤራ የሚባለው ሰፈር ከታላቁ የኬንያታ ሆስፒታል ብዙ አይርቅም፤ በእግር ይደረሳል። ከሆስፒታሉ ርቆ በሣር ቤት የሚወለደው የገጠር ሕፃን፣ በሆስፒታሉ ጥላ ሥር ከሚወለደው ይልቅ የመኖር ተስፋ ነበረው።

ምክንያቱን ያስረዱኝ መምህሮቻችን ብቻ አይደሉም። ኢስሊ በሚባለው፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት ሰፈር፣ አንዲት የአገራችን ሴት በእንግድነት ተቀብለውኝ ነበር። እጄን ልታጠብ ስል በትንሽ ጣሳ ለክተው ሰጡኝና «ይቅርታ አድርግልኝ፣ ልጄ፤ እዚህ ሐኪም ሞልቷል፤ ውሃው ግን በጀሪካን ነው የሚገዛው» አሉኝ። አፍሬ ዝም አልሁ። በቧንቧ ውሃ የሚጠቀመው ባለጸጋ ለአንድ ጀሪካን ከሚከፍለው ይልቅ፣ ከሻጭ የሚገዛው ድሀ አብዝቶ ይከፍላል። በ2017 ኮሌራ በተነሣ ጊዜም በከተማይቱ ታላቅ ስብሰባ ላይ የተገኙ እንግዶች ሳይቀሩ ታመዋል። የድሆች ሰፈር ውሃ የድሆች ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ልቤን ወደ ነካው ነገር እመጣለሁ፤ እርሱም የእኛም ታሪክ ነው። ፈንጣጣ በአገራችን ስንት ፊት እንዳበላሸና ስንት ዐይን እንዳጠፋ በዕድሜ የገፋችሁ ታስታውሳላችሁ። ፈንጣጣ አንዴ ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት አልነበረውም። አባቶቻችን ከበሽተኛው ቁስል እየወሰዱ ጤነኛውን ይከትቡ ነበር፤ ይህም አንዳንዱን ሲያድን አንዳንዱን ደግሞ ያስይዘው ነበር። የእንግሊዙ ሐኪም ጄነር ደኅናውን ክትባት ያገኘው በ1796 ነው። በሽታው ከምድር የጠፋው ግን ከዚያ ወዲህ ከ180 ዓመት በኋላ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ክትባቱ ነበረ፤ የጎደለው ክትባቱን ተሸክሞ እስከ መጨረሻው ጎጆ የሚሄድ ሥርዓት ነበረ።

በ1971 በኢትዮጵያ ዘመቻው ሲጀመር በመጀመሪያው ዓመት ከ26 ሺህ በላይ በሽተኞች ተመዘገቡ። ዘመቻው ሕዝቡን በጅምላ በመከተብ ላይ ብቻ አልተመካም። ሠራተኞቹ በእግር፣ በበቅሎ፣ በኋላም በሄሊኮፕተር እየዞሩ «ፈንጣጣ የያዘው ሰው አይታችኋል?» እያሉ በየገበያውና በየትምህርት ቤቱ ይጠይቁ ነበር፤ በሽተኛው ሲገኝ እርሱን ለይተው ዙሪያውን ይከትባሉ። እምቢ ያላቸው ሕዝብ ነበረ፤ በድንጋይ የተባረሩበት ስፍራም ነበረ። የጠየቁት ጥያቄ የፖሊስ ወይም የቆጠራ ሹም ጥያቄ ይመስላል እንጂ የሐኪም አይመስልም። የመጨረሻው የኢትዮጵያ በሽተኛ በነሐሴ 1976 በኦጋዴን ተገኘ። በ1977 መጀመሪያ በሽታው ከሶማሊያ ወደ ኬንያ ገብቶ ወዲያው ታገደ፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት በሶማሊያ በመርካ ከተማ የመጨረሻው ሰው ታመመ፤ ዳነም። ሁለት ዓመት ሙሉ ፍለጋው ሳይቋረጥ ከቆየ በኋላ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1979 የዓለም የጤና ድርጅት ዋና ዲሬክተር ዶክተር ማህለር የአፍሪካ ቀንድ ከፈንጣጣ ነጻ መሆኑን አስታወቁ። ያስታወቁትም በናይሮቢ ነው።

ኬንያ በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 የጤና መብትን ስትጽፍ፣ በዚያው አንቀጽ ውስጥ ንጹሕ ውሃንና የአካባቢ ንጽሕናን አስከትላ ጽፋለች። አጻጻፉን ወድጄዋለሁ። መጻፍ ግን መሥራት አይደለም፤ ከታኅሣሥ 2016 ጀምሮ የመንግሥት ሐኪሞች የተፈረመላቸው ስምምነት አልተፈጸመም ብለው 100 ቀን ሥራ አቁመዋል፤ በዚያም ጊዜ ድሀው ከሆስፒታል ደጅ ተመልሷል።

ይህን ንግግር ሳዘጋጅ ለአንድ የተከበሩ ሽማግሌ አስቀድሜ አንብቤላቸው ነበር። አዳምጠውኝ ሲያበቁ «ጥሩ ብለሃል፣ ልጄ፤ ምንጭህ ግን ምጥ የጠናባትን ሴት ያዋልዳልን?» አሉኝ። አያዋልድም። ልጁ የተጋደመባት ሴት የሚያስፈልጋት ምላጭ፣ ደምና የተማረ እጅ ነው፤ ከዚህ ላይ መድኃኒት ወሰን አለው ብዬ የምናገረው ቃል ይቆማል። ኬንያም በሰኔ 2013 በመንግሥት የጤና ድርጅቶች ወሊድን ያለ ክፍያ ስታደርግ እናቶች በብዛት መጡ፤ አልጋውና አዋላጁ ግን በዚያው ልክ ስላልጨመረ ሁለት ሴቶች በአንድ አልጋ የተኙበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ሽማግሌው ካረሙኝ በኋላ ሐሳቤን በዚህ አስተካክያለሁ። የመኝታ ክፍሉና የማዋለጃው ነገር ሠራተኛ፣ ደመወዝና በየዓመቱ የሚታደስ በጀት ይፈልጋል፤ ይህን ደግሞ በአንድ ጊዜ መዋጮ ልንይዘው አንችልም፤ ግድግዳውን አቁመን አዋላጅ ብናጣ በራችን ተቆልፎ ይቀራል። ምንጩ ግን አንድ ጊዜ በድንጋይና በሲሚንቶ ከተከለለ፣ ጠባቂና ጥቂት ጥገና ብቻ ነው የሚሻው። መዋጮው ለምንጩና ለቄራው ፍሳሽ ይዋል፤ የማዋለጃ ክፍሉን ደግሞ አስተዳደሩ በመጪው በጀት እንዲይዘው በጽሑፍ እንጠይቅ። ጥያቄው የልመና ሳይሆን የመብት ነውና የከተማው ሰው ሁሉ ይፈርምበት።

በዚህ አዳራሽ የምትገኙ ወላጆች ልጃችሁ መርፌ ካልተወጋ አልታከመም የምትሉም አላችሁ። ለተቅማጥ በመጀመሪያ የሚያስፈልገው የጠፋውን ፈሳሽ መተካት ነው፤ እርሱንም ጨውና ስኳር የተቀመመበት ዱቄት በንጹሕ ውሃ በጥብጦ በማጠጣት ነው። ንጹሕ ውሃ ከሌለ ይህ ርካሽ መድኃኒት ራሱ ይበላሻል።

የመዋጮው ሒሳብ መዝገብ በማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ክፍል ከሰኞ ጀምሮ ለማንኛውም ነዋሪ ተከፍቶ ይቆያል። የሰጣችሁትን ገንዘብ ስማችሁን እያያችሁ አመሳክሩ፤ የጎደለ ካለ ለጸሐፊው አስመዝግቡ። ቄራው አጠገብ የምትኖሩ ደግሞ የፍሳሹ አዲስ መውረጃ በየትኛው በኩል እንደሚያልፍ የተሣለው ፕላን በዚያው ክፍል ስላለ፣ በአጥራችሁ የሚያልፍባችሁ ቅሬታችሁን ከሐሙሱ ስብሰባ በፊት አቅርቡ። ጥያቄ ካለ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።