የዶኪ ድልድይ እፉኝትና የፌጅ ጥበብ

(በተማሪዎች የውይይት ምሽት፣ መቱ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናወራላችሁ የተነሣነው ስለ አንድ እባብና ስለ አንድ እጅግ ረቂቅ ቫይረስ ነው። ሁለቱን ምን አገናኛቸው ትሉን ይሆናል። እባቡ የሰፈራችን ተወላጅ ስለ ሆነ ከእርሱ እንጀምር።

ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ፣ ያምቦ አጠገብ፣ የዶኪ ወንዝ ድልድይ አለ። ከዚያ የተገኘውን እፉኝት ጀርመናዊው የእንስሳት ሊቅ ቮልፍጋንግ ቦሜ መርምሮ፣ አዲስ ዝርያ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1977 አስታወቀ። «ቢቲስ ፓርቪዮኩላ» አለው፤ ዓይነ ትንሽ ማለት ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። የእኛ አገር ገበሬ ግን እባብ መኖሩን እያወቀ ቡናውን ሊለቅም ይገባል፤ ሌላ መተዳደሪያ የለውምና። ብዙዎቻችን የዚሁ ገበሬ ልጆች ነን። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚደርስ ሰው በእባብ መርዝ ይሞታል። ድርጅቱ ይህን ችግር ከተዘነጉ የሐሩር በሽታዎች ተርታ ያስገባው በ2017 ነው።

ፀረ መርዝ የሚዘጋጀው ጥንት በ1890ዎቹ በተገኘው ዘዴ ነው። ይኸውም መርዙ በጥቂት በጥቂቱ በፈረስ ይወጋል፤ ፈረሱ ፀረ እንግዳ አካል ሲያበጅ ከደሙ ይቀዳል። ብዙ ነፍስ አድኗል። ነገር ግን የፈረስ ፕሮቲን አንዳንዱን ሕመምተኛ ያስደነግጠዋል፤ ፈሳሹ ዓይነት ማቀዝቀዣ ይሻል፤ ከሁሉም በላይ ለአንዱ እባብ የተሠራው ለሌላው ላይመልስ ይችላል።

አሁን ወደ ቫይረሱ እንምጣ። ፌጅ የሚባለው ቫይረስ ባክቴሪያን እንጂ ሰውን አያጠቃም። አሜሪካዊው ጆርጅ ስሚዝ በ1985 ባዕድ ዘረ መል በፌጁ የልባስ ዘረ መል ውስጥ ቢያስገባ፣ ፕሮቲኑ በፌጁ ገላ ላይ ተገልጦ ታየ። ትእዛዙ በውስጥ፣ ሥራው በውጭ ሆነ ማለት ነው። እንግሊዛዊው ግሪጎሪ ዊንተርና ባልደረቦቹም በ1990 የፀረ እንግዳ አካልን ቁራጭ በፌጅ ላይ አወጡ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዳቸው የተለያየ ቁራጭ የተሸከሙ እልፍ አእላፋት ፌጆች፣ መርዙ በተለጠፈበት ሳህን ላይ ይፈስሳሉ። ያልተያያዘው ታጥቦ ይሄዳል፤ የተጣበቀው ተለቅሞ በባክቴሪያ ውስጥ ይራባል። ይህ ሦስት አራት ጊዜ ሲደጋገም፣ በወንፊት ተነፍቶ እንደሚቀር እህል፣ መርዙን አጥብቆ የሚይዘው ብቻ ይቀራል። በዚህ ዘዴ የተገኘው አዳሊሙማብ ለመገጣጠሚያ ሕመም በ2002 ተፈቀደ። ስሚዝና ዊንተርም በ2018 ከፍራንሲስ አርኖልድ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

በዚያው በ2018 በፌጅ የተመረጡ የሰው ፀረ እንግዳ አካላት ከጥቁር ማምባ መርዝ አንዱን ክፍል በአይጦች ላይ አከሸፉ። በ2025 ደግሞ ከአልፓካና ከላማ የተገኙ 8 ጥቃቅን ፀረ እንግዳ አካላት በአንድነት ተቀምመው፣ ከ18 የአፍሪካ እባቦች የ17ቱን መርዝ በአይጦች ላይ ተከላከሉ። ደስ ይላል። ነገር ግን እነዚያ እባቦች የማምባና የኮብራ ወገን ናቸው፤ እፉኝት አልተጨመረም። ስለዚህ የዶኪው እፉኝት ገና ተራው አልደረሰም።

ተራውን ማን ያስደርስለት? መንጠቆው የሚሠራው መርዙ ሲገኝ ነው። መርዙም የሚገኘው እባቡ የሚኖርበትን አገር በሚያውቅ ሰው ነው። እኛ ላቦራቶሪ እስኪሟላልን ድረስ ልንሠራው የምንችለው አለ። ማን፣ በየትኛው ወር፣ በየትኛው ቀበሌ ተነደፈ? ጤና ጣቢያ ለመድረስ ስንት ሰዓት ፈጀበት? በሁሩሙ፣ በያዩ፣ በጎሬና በቡሬ ይህን የሚመዘግብ ተማሪ ቢኖር ለተመራማሪም ለመድኃኒት ገዢም መነሻ ይሆናል። መምህራኖቻችንም ሥራውን እንዲመሩልን እንለምናለን።

እስከዚያው ወደ ቤት ስትሄዱ ለወላጆቻችሁ ንገሩልን፤ የተነደፈውን ቦታ አይብጡ፣ አይምጠጡ፣ አጥብቀውም አይሰሩ። የተነደፈው ሰው እግሩን ወይም እጁን ሳያንቀሳቅስ በቃሬዛ ቶሎ ወደ ሕክምና ይወሰድ።

የእባባችንን የላቲን ስም ሌሎች አወጡለት። የመድኃኒቱን ነገር ግን እኛም እንጠየቅበታለን።