ጎማው ቆመ፣ መኪናው ግን አልቆመም

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የመኪና ግዢ ኮሚቴ አባላት ያቀረብነው ንግግር)



ለዚህ ኮሚቴ ከመረጣችሁን ጀምሮ “መኪናው መቼ ነው የሚመጣው?” ብላ ያልጠየቀችን አባል የለችም። ዛሬ መልስ ይዘን መጥተናል። መልሳችን ግን ከጠበቃችሁት በላይ ገንዘብ የሚጠይቅ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ለምን እንደሚወጣ አስቀድመን ማስረዳት አለብን። የምንነግራችሁ ስለ ፍሬን ነው። ስለ ሞተርና ስለ ቀለም ብዙ ሰው ያወራል፤ ስለ ፍሬን ግን ሰው የሚያወራው አደጋ ከደረሰ በኋላ ነው።

ባለፈው ክረምት ከወልድያ ስንመለስ የደረሰብንን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ዝናብ ነበር። ቁልቁለቱን ጨርሰን ወደ ሜዳው ልንገባ ስንል አንዲት ጊደር ድንገት ከመንገዱ ገባች። ሹፌሩ ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠው። ጎማው ቆመ፤ መኪናው ግን አልቆመም። መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘው፤ መኪናው አልታዘዘውም፤ ፊት ለፊቱን እየተንሸራተተ ሄዶ ቦይ ውስጥ ገባ። የአንዷ እህታችን ክንድ ተሰበረ፤ ያሳፈርነው ሽንኩርትም በጭቃው ላይ ተበተነ። ነፍስ ስለተረፈ ፈጣሪን አመሰገንን። ሹፌሩን ግን “መሪ አያውቅም” ብለን ወቀስነው።

አሁን ነገሩን ጠይቀን ከተረዳን በኋላ፣ ያን ሰው ይቅርታ መጠየቅ የሚገባን ይመስለናል። መሪውን አዙሮታል፤ ያልሰማው ጎማው ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጎማ መንገድን አጥብቆ የሚይዘው እየተንከባለለ ሳለ ነው። ጨርሶ መዞር ሲያቆም በአስፋልቱ ላይ እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። የሚንሸራተት ጎማ ደግሞ መሪው ወዴት እንደዞረ አያውቅም፤ መኪናው በያዘው ግፊት ወደፊት ብቻ ይሄዳል።

ይህን እኛ ሴቶች ከማንም በላይ እናውቀዋለን። በክረምት ጀሪካን አዝለን በዋልካው ጭቃ ቁልቁል ስንወርድ፣ እግራችን ሲያዳልጠን ምን እናደርጋለን? ተረከዛችንን ተክለን እንቀራለን? እንዲያ ካደረግን በጀርባችን እንወድቃለን። ጫን እያደረግን፣ ለቀቅ እያደረግን፣ አጭር አጭር እየረገጥን ነው የምንወርደው። አዳዲስ መኪኖች ላይ ያለው ኤቢኤስ የሚባለው መሣሪያ የሚሠራውም ይህንኑ ነው።

በእያንዳንዱ ጎማ እንብርት አጠገብ ጥርስ ያለው ቀለበት፣ ከጎኑም የጥርሶቹን አላለፍ የሚቆጥር ትንሽ ሴንሰር አለ። አራቱም ሴንሰሮች ለአንድ ትንሽ ኮምፒውተር ይነግራሉ። ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ተለይቶ በድንገት ሊቆም ከሆነ ኮምፒውተሩ ያውቃል። ወዲያው ወደዚያ ጎማ የሚሄደውን የፍሬን ዘይት ግፊት ይቀንሳል፤ ጎማው መዞር ሲጀምር መልሶ ይጨምራል። ይህን በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ከአሥር ጊዜ በላይ ሊያደርገው ይችላል። የትኛውም ጎበዝ ሹፌር በእግሩ ይህን ያህል ሊፈጥን አይችልም፤ ደግሞም ሹፌሩ ያለው ፔዳል አንድ ነው፣ ኮምፒውተሩ ግን ጎማዎቹን ለይቶ መያዝ ይችላል።

ነገሩ ትናንት የመጣ አይደለም። በመጀመሪያ የተሠራው ለአውሮፕላን ነበር፤ አውሮፕላን በእርጥብ ማረፊያ ላይ ጎማው ከቆመበት አደጋ ነውና። የቦሽ ኩባንያ የሠራው በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ የመኪና ኤቢኤስ በመርሴዲስ ቤንዝ ላይ ለገበያ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው።

እዚህ ላይ ለሹፌር የሚነገር አንድ ትልቅ ቁም ነገር አለ። የቀድሞ ሹፌሮች በሚያንሸራትት መንገድ ላይ ፍሬኑን እየረገጡ እየለቀቁ እንዲይዙ ተምረዋል። ለድሮ መኪና ልክ ነበር። ኤቢኤስ ባለው መኪና ግን በአደጋ ጊዜ ፍሬኑን አጥብቆ መርገጥና አለመልቀቅ፣ በመሪው ደግሞ ማምለጥ ነው። ፔዳሉ ከእግር ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ትርትር የሚል ድምፅም ይሰማል። ይህን የማያውቅ ሹፌር “ፍሬኑ ተበላሸ” ብሎ ደንግጦ እግሩን ያነሳል፤ ያን ጊዜ መሣሪያው መኖሩ ከንቱ ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ የመኪናን ሚዛን የሚጠብቀው ነው። አንዱ ኩባንያ ኢኤስፒ፣ ሌላው ኢኤስሲ፣ ቶዮታ ደግሞ ቪኤስሲ ይለዋል፤ ሥራቸው አንድ ነው። ከጎብዬ ወደ ቆቦ ስንሄድ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ሹፌር ሁሉ ይበራል። ግመል ድንገት ሲያቋርጥ መሪውን በአንድ ጊዜ ወደ ጎን ይመታዋል፣ ወዲያው ይመልሰዋል። መኪና ብዙ ጊዜ የሚገለበጠው በዚህች ቅጽበት ነው፤ ወይ ኋላው ይዞራል፣ ወይ ፊቱ አልታጠፍ ይላል።

መሣሪያው ሁለት ነገር ያስተያያል። ሹፌሩ መሪውን ወዴት አዞረው? መኪናው በእውነት ወዴት እየዞረ ነው? ሁለቱ ካልተስማሙ ሹፌሩ ፍሬን ባይረግጥም እንኳ መሣሪያው ራሱ አንዱን ጎማ ለይቶ ይይዛል፣ የሞተሩንም ጉልበት ይቀንሳል። አንድ ጎማ በመያዝ መኪና እንዴት ይቃናል ትሉ ይሆናል። በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሰው ያውቀዋል፤ አንደኛውን በሬ ገታ ሲያደርጉት ሌላው ዞሮ ይመጣል። ወደ ግራ ሲታጠፍ የመኪናው ኋላ ወደ ውጭ ካመለጠ የፊት ቀኙን ጎማ ይገታል፤ ፊቱ አልታጠፍ ካለ ደግሞ የኋላ ግራውን።

ይህ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1995 በውድ መኪና ላይ ነው የጀመረው። በ1997 ግን የስዊድን ጋዜጠኞች አዲስ የወጣች አንዲት ትንሽ መርሴዲስ በድንገት መሪ ሲያዞሩባት ተገለበጠች። ኩባንያው ከዚያ በኋላ ለዚያች ትንሽ መኪና ሁሉ መሣሪያውን ይገጥምላት ጀመር። ከዓመታት በኋላም አሜሪካ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ መኪኖች ላይ በሕግ ግዴታ አደረጉት። እኛ አገር የሚነዳው ያገለገለ መኪና ከዚያ በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላል። አንድ ስም ያለው መኪናም ወደ አንዱ አገር ሲላክ ይህ መሣሪያ ኖሮት ወደ ሌላው ሲላክ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ስሙን ሰምቶ መግዛት አይበቃም።

እንግዲህ መሣሪያው ካለ ሁሉ ነገር አለቀ እንዳትሉን። የማይችለውንም እንንገራችሁ።

አንደኛ፣ ፍጥነትን አይሽረውም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ይጓዛል፤ ሹፌሩ ደንግጦ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርስ ብቻ ይህን ያህል ሄዷል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በደረቅ አስፋልትና በጥሩ ፍሬን በ40 ኪሎ ሜትር ወደ 9 ሜትር የሚበቃው፣ በ80 ወደ 35 ሜትር ይፈልጋል። በእርጥብ መንገድ ደግሞ ከዚህም ይረዝማል።

ሁለተኛ፣ ያለቀ ጎማን አያድስም። መሣሪያው የሚጠቀመው ጎማው መሬቱን የያዘውን ያህል ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ጠጠርና አሸዋ በሆነው የውስጥ መንገዳችን ላይ ኤቢኤስ ያለው መኪና ለመቆም ይበልጥ ሊርቅ ይችላል። የተቆለፈ ጎማ ጠጠሩን ከፊቱ እየከመረ ይቆማል፤ የሚዞር ጎማ ግን በላዩ ይሄዳል። መሪው መታዘዙ አይቀርም፤ ርቀት መጠበቅ ግን የሹፌሩ ፋንታ ነው።

አራተኛ፣ የጋለ ፍሬንን አያበርድም። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ወይም ከኮረም ወደ አላማጣ የሚወርድ ሹፌር ቁልቁለቱን ሁሉ ፍሬን ይዞ ከወረደ ሸራው ይግላል፣ የፍሬኑ ዘይትም ሊፈላ ይችላል። ያን ጊዜ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። መድኃኒቱ ቁልቁለቱ ሳይጀመር በከባድ ማርሽ መግባት ነው።

አምስተኛ፣ ፖርቶ መጋላ ላይ የተከመረ ጆንያን አያቀልም። ከላይ የከበደ መኪና ቶሎ ይገለበጣል። ይህን የምንለው ለሹፌር ብቻ አይደለም፤ “ይቺን አንድ ጆንያ ብቻ ጨምርልኝ” የምንለው እኛው ነንና።

አሁን ወደ ግዢው እንመለስ። ሁለት ሚኒባሶች አይተናል። የመጀመሪያው ቀለሙ የሚያምር፣ ዋጋውም የሚቀንስ ነበር። ሻጩ “ኤቢኤስ አለው” አለን። አብሮን የሄደው መካኒክ ቁልፉን ከፈተና ዳሽቦርዱን ተመልከቱ አለን። ደህና መኪና ቁልፉ ሲከፈት ኤቢኤስ የሚል ቢጫ መብራት ይበራል፣ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ይጠፋል። በርቶ ከቀረ መሣሪያው አይሠራም፤ ተራው ፍሬን ግን አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። ቀይ የፍሬን መብራትም አብሮ ከበራ ጨርሶ መነዳት የለበትም። በዚህኛው መኪና ላይ መብራቱ ጭራሽ አልበራም። መካኒኩ ከፍቶ ሲያየው አምፖሉ ተነቅሏል። መሣሪያው ሲበላሽ ከማሠራት ይልቅ የሚናገረውን መብራት ማጥፋት ቀሎ ታይቷቸው ነው። ለቅሶ እንዳይሰማ የልጅን አፍ እንደ መያዝ ያለ ነው።

ሁለተኛው መኪና ቀለሙ የደበዘዘ፣ ወንበሩም ያረጀ ነው። መብራቶቹ ግን በሥርዓቱ በርተው ጠፉ፤ ሚዛን ጠባቂውም አለው፣ ምልክቱ ከበስተኋላዋ ሁለት የተጠማዘዘ መስመር ያላት ትንሽ መኪና ናት። ከሰው በራቀ ሜዳ፣ በእርጥብ መሬት ላይ በቀስታ አስፈትነነዋል፤ ፔዳሉ ተንቀጠቀጠ፣ መኪናው መሪውን እየሰማ ቆመ።

የዋጋቸው ልዩነት ለወፍጮ ቤታችን ጣሪያ የያዝነውን ገንዘብ የሚበላ ነው። አንደብቃችሁም፣ በዚህ ጉዳይ ኮሚቴው ውስጥ ራሱ ተከራክረናል። አንዳችን “ጣሪያው ሁለት ክረምት ጠብቋል፣ ዘንድሮም ይጠብቅ ማለት ለእናንተ ይቀላል፤ እህሉ የሚረጥበው የእኛ ነው” ብላለች። እውነቷን ነው። በመጨረሻ ያስማማን አንድ ነገር ነው። ይህ መኪና ሽንኩርት ብቻ አይጭንም። ምጥ የያዛትን እናት በሌሊት ወልድያ ያደርሳል፣ ገበያ የምንወጣውንም ይዞ ይሄዳል። የረጠበ እህል ይሰጣል፣ ይደርቃል።

ስለዚህ ጉባኤው ሁለተኛውን መኪና እንዲያጸድቅ እንጠይቃለን። ከዚህ ጋር ሦስት ደንብ እናቀርባለን። ቦሎ መለጠፉን ብቻ አይተን አንረካም፤ በየወሩ አንዲት አባል ጎማውን፣ የፍሬኑን ዘይትና የዳሽቦርዱን መብራት ከሹፌሩ ጋር አይታ ትፈርማለች። ቢጫው መብራት ከበራ ወደ ጋራዥ ይሄዳል፤ አምፖል የነቀለ ሹፌር ከእኛ ጋር አይሠራም። ከተፈቀደው በላይ ሰውና ዕቃ አይጫንም፣ የሊቀመንበሯም ጆንያ ቢሆን።

ደጋፊዎቻችን፣ “ርካሹ እያለ ውዱን ለምን ገዛችሁ?” ብላችሁ ብትጠይቁን መልሳችን ይኸው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አባቶቻችን። እኛ ቆመን መታጠቅን መርጠናል።

ክንዷ የተሰበረው እህታችን ዛሬ እዚህ መካከላችን ተቀምጣለች። ድምፅ ሲሰጥ የመጀመሪያዋን እጅ እሷ እንድታወጣ ጠይቀናታል። ያቺው የዳነችው እጅ ናት።